ፊልማችንን ማን አስቀድሞ ይየው?

«ፊልምዎን ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ በዚህ ዓመት ግን ልናካትተው አልቻልንም።»

ይህን ኢሜይል ያነበብኩት ማጂ ከተማን ቁልቁል በሚያሳየው ዳገት ላይ፣ አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ ነው። ዛፉ ሥር የቆምኩት ለጥላው አይደለም፤ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው እዚያ ስለሆነ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የሚያስደውል ሰው ሁሉ ያንን ዛፍ ያውቀዋል። ፊልሜም የተሠራው ስለዚያው ዛፍ ነው። ለፊልሜ «አልተመረጠም» የሚለው መልስ እዚያው የተቀረጸበት ቦታ ድረስ መጥቶ አገኘኝ ማለት ነው። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቁ ጠፋ።

ዛሬ የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። እንደኔ ስልክ ይዞ፣ አንድ ታሪክ በሆዱ ይዞ፣ «ይቺን ነገር ለፌስቲቫል ብልካትስ?» የሚል ብዙ ወጣት እንዳለ ስለማውቅ ነው። ሚዛን ላይ አሉ፣ ቴፒ ላይ አሉ፣ ጎንደርም አዲስ አበባም አሉ። ለእነሱ ሁለት ነገር መንገር እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ላኩ! ሁለተኛው፣ ከመላካችሁ በፊት ግን ፊልሙ ውስጥ ላሉት ሰዎች አሳዩ። ሁለተኛውን የተማርኩት በብዙ ኪሳራ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። የዲዚ ተወላጅ ናቸው። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በየገበያው ቀን አሮጌ ባለቁልፍ ስልካቸውን በሻሽ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ቻርጅ የሚያደርግላቸው ሱቅ ዘንድ ያስቀምጡታል፤ ገበያቸውን ጨርሰው ስልኩን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ዛፉ ሥር ይቀመጡና ይጠብቃሉ። ልጁ አንዳንዴ ይደውላል፣ አንዳንዴ አይደውልም። ፊልሙ ይኸው ነው። 11 ደቂቃ። ሌላ ምንም የለውም።

የቀረጽኩት በስልኬ ነው። ማይክ አልነበረኝም፤ የጓደኛዬን ስልክ ድምፅ መቅጃ ከፍቼ፣ «በረራ» ላይ አድርጌ፣ እማማ ነጠላ ውስጥ ደበቅኩት። በኋላ ሁለቱን አገናኘኋቸው። ይህን ብልሃት ሞክሩት፤ ከምስል ይልቅ ብዙ ፊልም የሚጥለው ድምፅ ነውና። ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ማንም አይታገስም።

«በስልክ የተቀረጸ ፊልም ማን ያየዋል?» ላላችሁ መልስ አለኝ። አሜሪካዊው ሾን ቤከር «ታንጀሪን» የተባለውን ፊልሙን የቀረጸው በአይፎን 5 ኤስ ነው። ፊልሙ በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ካልሆነ እነግራችኋለሁ) ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታየ። ያው ሰው በ2024 «አኖራ» በተባለው ፊልሙ የካንን ታላቅ ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ወሰደ። አይፎን 5 ኤስ ዛሬ ብዙዎቻችሁ ኪስ ውስጥ ካለው ስልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን ሰበብ ከዛሬ ጀምሮ እናንሳው።

የቀረው ሰበብ «የኛ ነገር እዚያ አይደርስም» የሚለው ነው። እሱም ቢሆን ውሸት ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወስዷል፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ዋና ሽልማት ደግሟል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ ቀርቧል፤ በዋናው መርሐ ግብር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እነዚህ ረጃጅሞቹ ናቸው። በአጭር ፊልምም የሕይወት አድማሱ «ኒው አይስ» በ2015 ቬኒስ ደርሷል፤ የቤዛ ኃይሉ ለማ «አልዓዛር» ደግሞ በ2024 ካን ከተማ ላይ በተቺዎች ሳምንት ታይቷል። በሩ ጠባብ እንጂ ዝግ አይደለም።

ምን ያህል ጠባብ? ለ2024ቱ ሰንዳንስ ከ12 ሺህ በላይ አጫጭር ፊልሞች ገብተው የተመረጡት 53 ነበሩ። ይህን ቁጥር ያወቅኩት መልሱ ከመጣልኝ በኋላ ነው። አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያን ያህል አላኮርፍም ነበር። «አልተመረጠም» ማለት «ፊልሙ መጥፎ ነው» ማለት ብቻ እንዳልሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ይሁን እንጂ የኔ ፊልም የወደቀው በቁጥር ብዛት ብቻ አልነበረም። ስህተቶቼን ልዘርዝርላችሁ፤ እናንተ አትድገሟቸው።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሚያስቅ ነው። ፎርሙ «ፊልሙ የተጠናቀቀበት ዓመት» ይላል። እኔ ሆዬ፣ ሚያዝያ ላይ ነበር የጨረስኩት፤ በልበ ሙሉነት «2016» ብዬ ሞላሁ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው! እነሱ ግን ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም ነው ብለው ተረዱት። ብዙ ፌስቲቫሎች ደግሞ ካለፈው አንድ ወይም ሁለት ዓመት በላይ የቆየ ፊልም አይቀበሉም። ትኩስ ፊልሜን በገዛ እጄ አሮጌ አድርጌ ላክሁት። ለዚህ ማንን እከስሳለሁ?

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። ቀነ ገደቡ 11:59 ይላል። እኔ በእኛ አቆጣጠር ወስጄው ከምሽቱ 11:59 በፊት ልድረስ ብዬ ስሯሯጥ፣ የመጨረሻውን ሳይሆን ድምፁ ያልተስተካከለውን ቅጂ ጫንኩ። ለካ የእነሱ 11:59 በእኛ ከሌሊቱ 5:59 ነው። ያውም በኒውዮርክ ሰዓት! እዚያ በጋ ስለነበር ለእኔ በማግስቱ ጠዋት 12:59 ማለት ነበር። አሥራ ሦስት ሙሉ ሰዓት እያለኝ ነው ያበላሸሁት። ስለዚህ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አንብቡ፣ በስልካችሁ የዓለም ሰዓት አመሳክሩ፤ ከዚያም ቢሆን የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። ከማጂ ሦስት ጊጋ ፊልም መጫን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። 40 በመቶ ይደርስና መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። በመጨረሻ በመኪና ጭነት ላይ ተጭኜ ሚዛን ድረስ ወርጄ፣ አንድ ሆቴል አልጋ ይዤ፣ ሌሊቱን በሆቴሉ ዋይፋይ ነው የጫንኩት። ለፊልሙ ሥራ ካወጣሁት ገንዘብ ይልቅ ለመላኪያው ያወጣሁት በለጠ።

ሦስተኛው ሙዚቃ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ የምወደውን ዘፈን አስገብቼ ነበር። ማንንም አላስፈቀድኩም። «ለንግድ አይደለም እኮ» የሚለው ማመካኛ አይሠራም፤ ፌስቲቫሎች የሙዚቃውን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቃሉ። አገራችንም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አላት። አሁን ዘፈኑን አውጥቼ፣ በቦታው የነፋሱን ድምፅ ትቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የተሻለ ሆኗል። ዘፈኑ ተመልካቹን «አሁን እዘን» ይለው ነበር፤ ነፋሱ ግን ምንም አይለውም፣ ዝም ብሎ ይተወዋል።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ለአንዳንድ ፌስቲቫል መመዝገብ በነጻ ነው። አንዳንዱ 20 ዶላር፣ አንዳንዱ ከ50 በላይ ይጠይቃል። ቀድመህ ካስገባህ ይቀንሳል፣ ከዘገየህ ይጨምራል። አሁን ይህን ለኛ ተርጉሙት። በመጀመሪያ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የለንም። ቢኖረንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላሩ በብር ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ውጭ ያለ የአጎቴን ልጅ ለምኜ 35 ዶላር ለአንድ ፌስቲቫል አስከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን «እንኳን ደስ አለዎት፣ ፊልምዎ ተመርጧል!» የሚል መጣ። ዛፉ ሥር ዘለልኩ። ለእማማ ሳይቀር ነገርኳቸው።

በሳምንቱ ሌላ መልእክት መጣ። «ተሸልመዋል! የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ይህን ያህል፣ ዋንጫውን ለማስላክ ይህን ያህል ይክፈሉ።» ያኔ ነቃሁ። ገጻቸውን ስፈትሽ አዳራሽ የለም፣ የማሳያ ቀን የለም፣ ተመልካች የለም። በየወሩ ይሸልማሉ፤ የሽልማቱ ዘርፍ ብዛት ቢቆጠር ከተወዳዳሪው አያንስም። ፊልሜን ማንም አላየውም። ወርቃማ የስንዴ ዘለላ የመሰለውን ምልክት ብቻ ነው የሸጡልኝ፤ እሱን ፖስተሬ ላይ ለጥፌ ፌስቡክ ላይ 300 ሰው «ኮንግራ» ብሎኛል። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ የት ነው? ባለፈው ዓመት የታዩት ፊልሞች እነማን ናቸው፣ ዛሬስ የት አሉ? የሚመርጡት ሰዎች ስማቸው ተጽፏል? በዓመት ነው ወይስ በየወሩ የሚሸልመው? ከተመረጣችሁ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ ስልካችሁን ዝጉና ቡና ጠጡ። እውነተኛ ፌስቲቫል ከሆነ ደግሞ አጭር ኢሜይል ጻፉላቸው፤ «ከኢትዮጵያ ነኝ፣ በውጭ ምንዛሪ መክፈል አልችልም፣ ክፍያውን ታነሱልኛላችሁ?» በሉ። ይህ ልመና አይደለም። ብዙዎቹ ለዚሁ ብለው ያዘጋጁት አሠራር አላቸው፤ ጠይቄ የተነሳልኝም አለ፣ መልስ ያልሰጠኝም አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወደ አፍሪካ ተመልከቱ። ፌስፓኮ ከ1969 ጀምሮ አለ፤ ዛንዚባር አለ፣ ደርባን አለ። የኛ ሕይወት ለእነሱ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዲስ አበባም የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫልንና በዘጋቢ ፊልሞች ላይ የሚያተኩረውን የአዲስ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫልን አስተናግዳለች።

እስካሁን የነገርኳችሁ የቅጽና የገንዘብ ስህተት ነው። ይታረማል። ቀጥሎ ያለው ግን የልብ ስህተት ነው።

ፊልሙን ስጨርስ አዲስ አበባ ላለ አንድ ወዳጄ ላክሁለት። «አሪፍ ነው» አለኝ። «ግን ማጂ አይደለህ እንዴ? ሱሪዎች አጠገብህ አይደሉ? የከንፈር ሸክላ ያደረገች ሴት አንድ ሁለት ቦታ አስገባበት። ፈረንጅ የሚወደው እሱን ነው።» እውነት ለመናገር ሰማሁት። ስልኬ ላይ ቀድሞ የቀረጽኩት ነበረኝ። ሃያ ሰከንድ ያህል መሃል ላይ ሰካሁበት። ከእማማ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ዲዚና ሱሪ ጎረቤት ሕዝቦች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ ይህን እዚህ ያደገ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን የማያውቅ ሰው ለማስደሰት ብዬ የማውቀውን ረሳሁት።

አንዲት የሱሪ ተማሪ አለች፤ ጎበዝ ናት፣ ሐሳቧን በአማርኛ ከኔ በተሻለ ትገልጻለች። ስልኬ ላይ አሳየኋት። ሃያዋ ሰከንድ ላይ ስትደርስ አስቆመችኝ።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች።

«አላውቃትም፤ ገበያ ላይ ነው የቀረጽኳት።»

«ታዲያ ፊልምህ ውስጥ ምን ታደርጋለች?»

መልስ አልነበረኝም። ቱሪስት መጥቶ ፎቶ አንስቶ፣ በፎቶ ቁጥር ከፍሎ ይሄዳል። ቢያንስ እሱ ይከፍላል። እኔ ግን ያልከፈልኩ፣ ስሟን ያልጠየቅኩ፣ የአገሯ ልጅ የሆንኩ ቱሪስት ነበርኩ። ሃያዋን ሰከንድ ቆረጥኳት።

እዚህ ላይ «ታዲያ ፌስቲቫል የሚባለው ነገር ራሱ ይቅርብን፤ ለፈረንጅ ዳኛ ብለን ራሳችንን ከምንሸጥ ቲክቶክ ላይ ብንለቀው ሚሊዮን ሰው ያየናል» የሚል ይኖራል። የብዙ ጓደኞቼ ሐሳብ ነው። ቀላል ሐሳብም አይደለም። ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በቡና ልንገራችሁ፤ የምንኖረው በቡና አገር ነውና።

ማጂ ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን ያለች ደጋማ ከተማ ናት። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ግን እንግሊዝ ቆንስላ የከፈተችባት ቦታ ነበረች። በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጌሻ ጫካ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያ፣ ከዚያም ወደ ታንዛኒያ ተወሰደ። በ1953 ኮስታሪካ ያለ የምርምር ማዕከል ገባ። ከዚያ ፓናማ ተሻገረ። ለብዙ ዓመታት ከሌላ ቡና ጋር ተደባልቆ ተሸጠ፤ ማንም ልብ አላለውም። በ2004 ፓናማ ውስጥ ሀሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ባለቤቶች፣ የፒተርሰን ቤተሰብ፣ ያንን ቡና ከሌላው ለይተው ቀመሱት፤ ለይተውም በአገራቸው ውድድር አስገቡት። አንደኛ ወጣ። በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፤ ለዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ ዓለም «ጌሻ» ሲል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ፓናማን ነው።

ፒተርሰኖችን እየወቀስኩ አይደለም። ሌባ አይደሉም፤ ጎበዝ ናቸው። ያደረጉት ሁለት ነገር ነው፤ ለይተው ቀመሱ፣ ለይተው አስገቡ። ቡናው ለዘመናት ጫካችን ውስጥ ነበር። ስሙን ዓለም ፊት ያቆመው ግን ውድድር ላይ ያስገባው ሰው ነው። ታሪካችንም እንዲሁ ነው። እኛ ካላስገባነው ሌላ ያስገባዋል፤ ሲያስገባውም የሚመስለውን አድርጎ ነው። የከንፈር ሸክላዋ ሃያ ሰከንድ ከየት የመጣች መሰላችሁ? ሌሎች በኛ ፋንታ ለዓመታት ካስገቡት ምስል ነው። ወዳጄ አዲስ አበባ ተቀምጦ የነገረኝ የራሱን ሐሳብ አይደለም፤ ለእሱም የተነገረውን ነው። ዝም ካልን ያው ምስል ይቀጥላል።

ቲክቶክስ? ቲክቶክ ላይ የኔ ፊልም በ3 ሰከንድ ይታለፋል፤ እኔም ብሆን አልፈዋለሁ። አንዲት እናት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስልክ ስትጠብቅ ለማየት 11 ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ፌስቲቫል ማለት ሌላ ትርጉም የለውም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልኩን አጥፍቶ 11 ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው የሚገኝበት ቦታ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙ ፌስቲቫሎች ፊልሙ ከእነሱ በፊት ለሕዝብ እንዳልታየ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ላይ አንዴ ከለቀቃችሁት ያ በር ሊዘጋ ይችላል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊንክ ተጠቀሙ።

እኔም ይህቺን ሕግ ሳውቅ ተርበተበትኩ። ለማንም አላሳይም አልኩ። እማማ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ያ ነገር መቼ ነው የማየው?» ይሉኛል። «ትንሽ ይቆዩ እማማ፣ መጀመሪያ ውጭ አገር መታየት አለበት» እላለሁ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ «የኔ ፊት ነው አይደል ያለው?» አሉኝ። አዎ፣ የእሳቸው ፊት ነው። ጉድ እኮ ነው! ፊታቸውን ኮስታሪካም ፓናማም ልልክ፣ ለእሳቸው ግን ልደብቅ ነው።

ደንቡን ደግሜ አነበብኩት፤ ለአንዱ ፌስቲቫልም ጽፌ ጠየቅሁ። በሰፈር ውስጥ ያለ ትኬት፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ለተሳተፉ ሰዎች ማሳየት እንደ ሕዝባዊ ማሳያ አይቆጠርም አሉኝ። ሁሉም ፌስቲቫል አንድ አይደለምና እናንተም ጠይቁ። እኔ ግን ወሰንኩ። ከትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ተዋስን። ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ጄኔሬተር ከጎረቤት መጣ። ሃያ እንኳን አይመጣም ያልኩት ሰው ግቢውን ሞላው። እማማ ከፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሳቁ። ራሳቸውን ሲያዩ እንደ ልጅ ነው የሳቁት። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጥሪው ይቋረጥና ስልኩን እያዩ በዲዚኛ አንድ ነገር ይላሉ። እኔ በአማርኛ አፍ ነው ያደግኩት፤ ዲዚኛ የምሰማው የገበያውን ያህል ነው። ከሥር «ልጄ፣ ናፈቅከኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። በእንግሊዝኛውም ያንኑ ነው የላክሁት። ከኋላ አንድ መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንዲህ እኮ አላሉም!» አለ።

ፊልሙን አቆምነው። ወደ እማማ ዞርኩ። «ምን ነበር ያሉት?»

በመምህሩ በኩል መለሱልኝ። «ናፍቆትማ ማን ያጣዋል? እሱን ለዛፉ አልነግርም። እኔ ያልኩት ‹ድምፁ ተለወጠብኝ› ነው። ሌላ ሰው መሰለኝ ነው ያልኩት።»

ግቢው ጸጥ አለ። እኔ ለወራት ስቆርጥ ስቀጥል የኖርኩት ፊልም ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው። የናፍቆት ፊልም አልነበረም። የልጇን ድምፅ ቀስ በቀስ ማወቅ ያቃታት እናት ፊልም ነበር። ያንን ደግሞ ውጭ ያሉት ዳኞች አላዩትም። ያዩት እኔ የጻፍኩትን ተራ ነገር ነው። ባይመርጡት ምን ይገርማል?

እንግዲህ «አስቀድማችሁ ለሰፈራችሁ አሳዩ» የምለው ለይሉኝታ ወይም ለባህል ብዬ አይደለም። ፊልሙን ስለሚያሻሽለው ነው። የትም አገር ያለ ዳኛ ይህን ስህተት ሊያገኝብኝ አይችልም። ሊያገኙት የሚችሉት እዚያ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዳኛ ስለ ፊልም ያውቃል፤ ስለ እማማ ግን እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምከራከረው።

አዲስ አበባ ፌስቲቫል ለምታዘጋጁና ወደፊትም ለምታዘጋጁ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ ከአክብሮት ጋር። ምዝገባው በብር፣ በስልክ ገንዘብ የሚከፈል ይሁን። የቀኑን ሳጥን በእኛም በእነሱም አቆጣጠር ለዩልን። ፊልም በፍላሽ የሚያስረክቡበት ቦታ አዲስ አበባ ብቻ አይሁን፤ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ሁሉ፣ ሚዛን ቴፒም ጭምር፣ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ከአማርኛ ውጭ ለሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች የትርጉም እገዛ ይኑር፤ እንደኔ ያለው «ናፈቅከኝ» ብሎ እንዳይጽፍ። የተመረጡትን ፊልሞች ደግሞ ከአዳራሹ አውጥታችሁ ሚዛንም፣ ቴፒም፣ ጅማም አንድ አንድ ማታ አሳዩልን። ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንሶላው ከእኛ!

እኔ ደግሞ የድርሻዬን አድርጌያለሁ። ጽሑፉን አርሜያለሁ፤ ሁሉንም ንግግር ከመምህሩ ጋር ተቀምጠን እንደገና ተርጉመነዋል። ዓመቱን በፈረንጅ ሞልቻለሁ። ዘፈኑ ወጥቷል። ክፍያ ለማይጠይቁ ሁለት ፌስቲቫሎችና ለአንድ የአፍሪካ ፌስቲቫል ልኬዋለሁ። መልስ ገና ነው። በየገበያው ቀን ዳገቱን እወጣለሁ፤ እማማም ይመጣሉ። እሳቸው የልጃቸውን ጥሪ፣ እኔ ኢሜይሌን እንጠብቃለን።

ባለፈው «እስካሁን አልመጣም?» አሉኝ።

«አልመጣም እማማ።»

«ይመጣል» አሉ፤ «ባይመጣም እኛ አይተነዋል።»

እናንተስ? ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ፊልም ማን አየው? ዛሬ ማታ እቤት ላለ ሰው አሳዩት። ነገ ደግሞ ላኩት።

ቸር ይግጠመን።